«በማን ወገን ነው?»፦ የልጅን ኦቲዝም መንስኤ በደብተር አደራጅቶ ለሐኪም ማቅረብ

ልጁ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትንና ጠባይን የሚነካ የአንጎል እድገት ሁኔታ) አለበት ከተባለ ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር የምትነሳ አንዲት ጥያቄ አለች፦ «በማን ወገን ነው?» ጅማ ከተማም ሆነ አጋሮ፣ ሰቃም ሆነ ዴዶ ጥያቄዋ ያው ናት። አብዛኛውን ጊዜ የምታርፈው ደግሞ እናትየው ላይ ነው። እርጉዝ ሳለች ምን እንደበላች፣ ለቅሶ ቤት እንደሄደች፣ ምን እንዳስደነገጣት ይቆጠርባታል። ጥያቄዋ በራሷ ክፉ አይደለችም፤ በትክክል ከተጠየቀች ሐኪሙ ምን መመርመር እንዳለበት፣ ቀጣዩ ልጅ ምን ዓይነት ክትትል እንደሚያሻው ትጠቁማለች። ክፋቷ መልሷ ወቀሳ ሲሆን ነው።

የቤተሰቡን፣ የእርግዝናውንና የልጁን ታሪክ በደብተር ጽፎ ለሐኪም ለማቅረብ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ፣ የእናትየው የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ የልጁ የክትባት ካርድ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠ ወረቀት ካለ እሱም፣ እንዲሁም ሦስት አራት ቀን ነው። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ የዘር ሐረግ ሲሳል ሁልጊዜ የሚፋቅ ነገር አይጠፋም።

አካባቢ ሲባል ሰፈር ማለት አይደለም

የኦቲዝም መንስኤ «ዘርና አካባቢ» ነው ሲባል ብዙ ወላጅ አካባቢ የሚለውን ቃል ሰፈር፣ ጎረቤት፣ አስተዳደግ ብሎ ይተረጉመዋል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «እኔ አሳድጌ አበላሸሁት» የሚል ጸጸት ነው። በህክምና ቋንቋ ግን አካባቢ ማለት ጂን (በሰውነታችን ውስጥ ያለ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር መመሪያ) ያልሆነ ነገር ሁሉ ነው። ማህፀን አካባቢ ነው። እናት በእርግዝና ወቅት የወሰደችው መድኃኒት፣ የያዛት ኢንፌክሽን፣ የምጡ ሁኔታ፣ ያለጊዜው መወለድ ሁሉም አካባቢ ይባላሉ። በኦቲዝም ጉዳይ ማስረጃ ያላቸው የአካባቢ ምክንያቶች አብዛኞቹ ልጁ ከመወለዱ በፊት ወይም በተወለደበት ሰሞን የሚያልፉ ናቸው። የወላጅ ፍቅር ማነስ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አስተሳሰብ በጥናት ውድቅ ከሆነ ቆይቷል።

የጂን ድርሻ ከሁሉም ይበልጣል። ይህን መጀመሪያ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1977 እንግሊዝ ውስጥ በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ የወጣ ጥናት ነው። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን ሁለቱም ያሉባቸው አልተገኙም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአምስት አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች ታይተው የዘር ድርሻ ወደ 80 በመቶ ተገምቷል።

ይህ 80 በመቶ በብዛት በስህተት ይነገራል። የእናንተ ልጅ ኦቲዝም 80 እጁ ከዘር፣ 20 እጁ ከሌላ ነው ማለት አይደለም። ከመልኮ የምርምር ማዕከል የወጣውን 74110 የቡና ዘር ከአገሬው ዘር ጋር ቀላቅላችሁ በአንድ ማሳ ተከላችሁ እንበል። በዛፎቹ ቁመት መካከል ለሚታየው ልዩነት ትልቁን ድርሻ ዘሩ ይወስዳል። አንዷን ዛፍ ነጥሎ «ይህን ያህሉ ቁመትሽ ከዘር፣ ይህን ያህሉ ከዝናብ ነው» ማለት ግን አይቻልም፤ ያለ ዘርም ያለ ውሃም ዛፍ የለም። ቁጥሩ ስለ ማሳው እንጂ ስለ አንዷ ዛፍ አይናገርም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር፣ ከጂን መጣ ማለት ከወላጅ መጣ ማለት ላይሆን መቻሉ ነው። አንዳንዱ ልጅ ከሁለቱም ወገን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ልዩነቶችን ሰብስቦ ይወለዳል፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ምንም የማያደርጉ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ በእናትም በአባትም ደም ውስጥ የሌለ፣ በዘር ፍሬው ወይም በእንቁላሉ ላይ አዲስ የተፈጠረ አንድ ከባድ ለውጥ ይዞ ይወለዳል። ሻንክ3 እና ሲኤችዲ8 የሚባሉት ጂኖች ላይ የሚገኙት ለውጦች በብዛት እንዲህ ያሉ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች «በማን ወገን ነው?» ቢባል እውነተኛው መልስ «በማንም» ነው። የአባት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር በዘር ፍሬው ላይ እንዲህ ያለው አዲስ ለውጥ በየዓመቱ በአንድ ሁለት ይጨምራል፤ አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም። ስለዚህ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ልጁ ሲፀነስ የእናትም የአባትም ዕድሜ ስንት እንደነበር ጻፉ።

የመጀመሪያው ምሽት፦ ዘር መቁጠር

ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ባሉበት አገር ይህ ሥራ ከሌላው ዓለም ይቀላል። ለሐኪሙ ሦስት ትውልድ ይበቃዋል፦ ልጁና ወንድም እህቶቹ፣ ወላጆቹና የወላጆቹ ወንድም እህቶች፣ ከዚያ አያቶች። የአጎትና የአክስት ልጆችን በጎን ጨምሩ።

ገጹን ወደ ጎን አዙሩት። አያቶችን ከላይ፣ ልጁን ከታች መሃል ላይ አድርጉ። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሳላሉ። ባልና ሚስት በአግድም መስመር ይያያዛሉ፤ ከመስመሩ ወደ ታች ልጆቻቸው በትልቅነት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። የሞተ ሰው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመራል፤ በስንት ዓመቱና በምን እንደሞተ አጠገቡ ይጻፋል። ምርመራ የሚደረግለት ልጅ ላይ ቀስት አድርጉ። የእናት ልጅ ብቻ ወይም የአባት ልጅ ብቻ የሆነ ወንድም ካለ ከትክክለኛው ወላጅ ስር ይሳል። እዚህ ላይ የሚሸፈን ነገር ሐኪሙን ወደ ተሳሳተ መንገድ ይመራዋል። ባልና ሚስቱ ዝምድና ካላቸው፣ ሩቅም ቢሆን፣ በሁለት ትይዩ መስመር አሳዩ፤ በዝምድና ጋብቻ ከሁለቱም ወገን የተደበቀ አንድ ዓይነት ለውጥ ልጁ ላይ ሊገናኝ ስለሚችል የሚመረመረው ነገር ይለያል።

ዋናው ጥበብ አጠያየቁ ላይ ነው። «በዘራችሁ እብድ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «ከኛ ዘር የለም።» እንዲህ ጠይቁ፦ «አፉን ዘግይቶ የፈታ ልጅ ነበር? ስንት ዓመቱ ላይ?» «ትምህርት እምቢ ብሎት ከብት ጥበቃ የቀረ?» «የሚጥል በሽታ የነበረበት?» «መስማት የማይችል?» «ሰው የማይቀርብ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚወድ፣ ልማዱ ሲለወጥበት የሚቆጣ?» «ሞቶ የተወለደ ወይም ዓመት ሳይሞላው ያረፈ?» ሴት አያቶች በደንብ የሚያስታውሱት በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ይጠየቁ፤ ሲተረጎም የሚጠፋው የልጅነት ወሬ ነው። ሁለቱን ወገን ደግሞ በአንድ ክፍል አታስቀምጡ። አማች ፊት የቤተሰቡን ምስጢር የሚያወጣ ሽማግሌ አይገኝም፤ የአባትን ወገን አንድ ቀን፣ የእናትን ወገን ሌላ ቀን አድርጉት።

ሁለት ጥያቄዎች ከኦቲዝም ጋር የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ግን አትዝለሏቸው። በእናት ወገን ከ50 ዓመት በኋላ እጁ መንቀጥቀጥና ሲሄድ መንገዳገድ የጀመረው ወንድ አለ? ከ40 ዓመቷ በፊት የወር አበባዋ የቀረባት ሴትስ? እነዚህ ፍራጃይል ኤክስ ለሚባለው ችግር ጠቋሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ፍራጃይል ኤክስ ከአንድ ጂን ለውጥ ተነስተው በዘር ከሚተላለፉት የኦቲዝም መንስኤዎች በብዛት የሚታየው ነው። ለውጡ በኤክስ ክሮሞዞም (ጂኖችን ከሚሸከሙት ክሮች አንዱ) ላይ ሆኖ ሙሉ ጤነኛ በሆኑ ሰዎች በኩል በዝምታ እያለፈ ይጨምራል። ለምሳሌ ጤነኛ ወንድ አያት ለሴት ልጁ፣ ማለትም ለእናትየው፣ ይሰጣታል፤ እሷም ጤነኛ ሆና ለልጇ ታስተላልፋለች። ማንም አላወቀም፤ ማንም አላጠፋም።

ሁለተኛው ምሽት፦ የእርግዝናና የወሊድ ገጽ

ይህን ገጽ እናትየው ራሷ ትሙላው፤ ሌላ ሰው አጠገቧ ሆኖ አያርማት። ከካርዱ የሚገለበጡት፦ በስንት ሳምንት ተወለደ፣ ክብደቱ ስንት ግራም ነበር፣ ወዲያው አለቀሰ ወይስ ቆየ፣ ማሞቂያ ከገባ ስንት ቀን፣ ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ። ከ37 ሳምንት በፊት መወለድ፣ ከ2500 ግራም በታች መሆንና በወሊድ መታፈን ኦቲዝም የመከሰት ዕድልን ከፍ ያደርጋሉ። ብቻቸውን ግን መንስኤ ናቸው ለማለት አይበቁም፤ ያለጊዜያቸው ከሚወለዱት አብዛኞቹ ኦቲዝም የለባቸውም።

ቀጥሎ በእርግዝናው ወቅት የተወሰደ መድኃኒት ሁሉ ይጻፍ፦ ስሙ፣ መጠኑ፣ ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ወር። ሳጥኑ ወይም የቀረው ፍሬ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ለሚጥል በሽታ ወይም ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንማርክ ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በማህፀን ሳሉ ቫልፕሮኤት ከደረሳቸው ልጆች 4.42 በመቶው በኦቲዝም ጎራ ውስጥ ሲገኙ ከጠቅላላው ልጆች ግን 1.53 በመቶው ነበሩ። አደጋው ወደ ሦስት እጥፍ ነው፤ ያም ሆኖ መድኃኒቱ ደርሷቸው ከተወለዱት 100 ልጆች ከ95 በላዩ ኦቲዝም አልታየባቸውም። ይህን አንብባ መድኃኒቷን ዛሬ ማታ የምታቋርጥ እናት እንዳትኖር አደራ። በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው ተከታታይ መጣል እናትንም ጽንስንም ሊገድል ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ለማርገዝ ከማሰብ ወራት ቀደም ብሎ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መቀየር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትኩሳትና ሽፍታ ነበር? ሩቤላ የሚባለው ቫይረስ በዚያ ጊዜ ከያዘ ጽንሱን አይን፣ ጆሮና ልብ ላይ ይጎዳል፤ ከእነዚህ ልጆች መካከል ኦቲዝም ከሌላው በብዙ እጥፍ በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ የአይን ሞራ፣ የመስማት ችግርና ያልተለመደ የልብ ድምፅ አንድ ላይ ካሉ ለሐኪሙ በመጀመሪያው ደቂቃ ይነገረው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሆስፒታል ያስተኛ ኢንፌክሽንም ይመዝገቡ።

ጫት በእርግዝና ወቅት ተቅሞ ከሆነም ሳታፍሩ ጻፉ፤ ከልጅ ክብደት ማነስ ጋር ይያያዛል። ኦቲዝም እንደሚያመጣ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ ግን የለምና ማንም በዚህ አይውቀሳት። የጤና ጣቢያው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ተወስዶ እንደሆነ ጠቁሙ፤ በውስጡ ያለው ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም ነው። ፎሊክ አሲድን ከእርግዝና በፊት ጀምሮ መውሰድ የጀርባ አጥንትና የአንጎል አፈጣጠር ችግርን ይከላከላል። በኦቲዝም ላይም የሚቀንስ ይመስላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ይህኛው ግን እንደ መጀመሪያው የተረጋገጠ አይደለም። ድንጋጤ፣ ለቅሶ ቤት መሄድ፣ ቡዳ፣ የተከለከለ ምግብ አይጻፉ። ገጹ ለሚጠቅም ነገር ይጠበቅ።

ክትባቱን በተመለከተ

የኩፍኝ ክትባት በአገራችን በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። የኦቲዝም ምልክት ለዓይን ጎልቶ የሚወጣው፣ አንዳንዱም ልጅ የያዛቸውን ቃላት የሚጥለው ከ15 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱ ስለሚገጣጠሙ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ጽሑፍ 12 ልጆችን ብቻ የያዘ ነበር፤ መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል፣ ዋናው ጸሐፊም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴንማርክ ውስጥ 657,461 ልጆች ተከታትለው ታይተው በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ኩፍኝ ግን ይገድላል። ታናሹን ክትባት አትከልክሉት።

ሦስተኛው ሥራ፣ በቀን፦ ልጁን ራሱን ማየት

ልጁን ገላውን በምታጥቡበት ሰዓት በቀን ብርሃን ቆዳውን ከራስ እስከ እግር እዩ። እንደ ቅጠል የረዘሙ፣ ከቆዳው ቀለም የነጡ ነጠብጣቦች ሦስትና ከዚያ በላይ ካሉ ቁጥራቸውንና ቦታቸውን ጻፉ፤ በስልክም ፎቶ አንሱ። ከሚጥል በሽታ ጋር አብረው ከመጡ ቱበረስ ስክለሮሲስ የሚባል የጂን ችግር ይጠረጠራል፤ እሱ ደግሞ ኩላሊትንና ልብን ጭምር ማየት ይፈልጋል። ሴት ልጅ ሆና ከ6 እስከ 18 ወር ደህና ቆይታ እጇን መጠቀም ትታ እንደሚታጠብ ሰው ዘወትር እጅ በእጅ የምታሽ ከሆነ ሬት ሲንድረም የሚባል የጂን ችግር ይታሰባል፤ ቪዲዮው ከወሬው ይበልጣል፣ 1 ደቂቃ ይበቃል።

የመስማት ምርመራ ከሁሉም ይቅደም። ጆሮው ደጋግሞ ምግል የሚወጣው ልጅ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይለው ባለመስማቱ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው ሆናችሁ ሳያያችሁ የብስኩት ላስቲክ ኮሽ አድርጉ፤ ለዚህ ዞር ብሎ ለስሙ ግን የማይዞር ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ የቤት ሙከራ ምርመራውን አይተካም።

የማጅራት ገትር ወይም አንጎል ላይ የወጣ ወባ ይዞት ከዚያ ወዲህ ንግግሩን ያጣ ልጅ ታሪኩ ይለያል፤ ሕመሙ የያዘበት ወርና ንግግር የጠፋበት ወር ለየብቻ ይጻፉ። ንግግር የያዘ ልጅ በየትኛውም ዕድሜ ቃላት መጣል ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ይታይ።

ዘመድ ሲጠይቅ

አማት «ከኛ ዘር እንዲህ ያለ አልታየም» ሲሉ ክርክር አትክፈቱ። «እማማ፣ ልክ ነዎት፣ አልታየ ይሆናል። በእናትም በአባትም ላይ የሌለ በልጅ ላይ አዲስ ይፈጠራል ብለውናል። ይልቅ በእርስዎ ወገን አፉን ዘግይቶ የፈታ ካለ ያስታውሱልን» ብትሏቸው ከከሳሽነት ወደ አጋዥነት ይመጣሉ። ጸበል ወይም ዱዓ የሚሉትን አንከለክልም፤ የእምነት ጉዳይ ነው። የምንለምነው ሦስት ነገር ነው፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ አንድ ቀን አይዘለል፣ ልጁ አይታሰር፣ ጭስ አይታጠን። ከሰውነቱ «መርዝ እናወጣለን» የሚል ደግሞ ከመጣ በሩን ዝጉበት። ከሰውነት ብረታ ብረት ያስወጣል በሚባል እንዲህ ባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት የ5 ዓመት ልጅ ሕይወቱ አልፏል።

ደብተሩን ይዞ መሄድ፣ የጂን ምርመራና ቀጣዩ ልጅ

ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል የህፃናት ወይም የአእምሮ ህክምና ክፍል ስትሄዱ ደብተሩን በመጀመሪያ ለሐኪሙ ስጡት፤ ወሬው ቀጥሎ ይምጣ። ኦቲዝም መኖሩ የሚታወቀው ልጁን በማየትና ወላጅን በመጠየቅ ነው፤ በደም፣ በራጅ ወይም በኤምአርአይ አይደለም። የደም ምርመራ መንስኤ ለመፈለግ ብቻ ይታዘዛል። የጂን ምርመራ እንደ ወባ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም፤ ውድ ነው፣ ናሙናው ሩቅ መላክም ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ለማን እንደሚያስፈልግ መለየት ይገባል። ቅድሚያ የሚሰጣቸው የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ የፊት ወይም የአካል አፈጣጠራቸው ለየት ያለ፣ በቤተሰቡ ሌላ ተመሳሳይ ልጅ ያለባቸው፣ ወይም ወላጆቹ ሌላ ልጅ የሚያስቡ ናቸው። ክሮሞዞምን በዝርዝር የሚያየው ምርመራ ከ100 ልጆች በ10 ያህሉ ላይ ብቻ አንድ ነገር ያገኛል። «ምንም አልተገኘም» ማለት ከዘር አይደለም ማለት አይደለም፤ ጥቃቅኖቹ መቶዎች በዚህ ምርመራ አይታዩም። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ ለመስማት ምርመራ፣ ከዚያም ልጁን መግባባት ለሚያስተምር ሥልጠና ይዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፤ መንስኤው ይታወቅ አይታወቅ ሳይል ያገለግላል።

አንድ ልጅ ኦቲዝም ካለበት ቀጥሎ የሚወለደው ላይ የመኖር ዕድሉ ከ100 ወደ 20 ነው፤ ለወንድ ከፍ፣ ለሴት ዝቅ ይላል። 80ው ያለ ኦቲዝም ያድጋሉ። ለታናሹ በደብተሩ የተለየ ገጽ ክፈቱ፦ በ12 ወሩ እንደ «ባባ» ያለ ድምፅ ካላሰማ፣ በጣቱ ካላመለከተ ወይም ቻው ካላለ፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል ከሌለው፣ በ24 ወሩ ሁለት ቃል ካላጋጠመ ሐኪም ይየው። ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ ለውጥ ወይም የዝምድና ጋብቻ ያለበት ቤተሰብ ቁጥሩ ሌላ ስለሆነ የራሱን ከሐኪም ይጠይቅ።

የጂን ምርመራ ያሠራችሁ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ሊመጣ ይችላል። ይህ የምስራችም መርዶም አይደለም፤ በእሱ ተነስታችሁ እርግዝና አትወስኑ፣ ማንንም አትውቀሱ። የጂኑን ስምና ከጎኑ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች አንድም ሳይቀር ወደ ደብተሩ ገልብጡ፤ ዋናውን ወረቀት በላስቲክ አድርጋችሁ ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት። ዛሬ ትርጉም የሌለው ለውጥ ሌሎች ልጆች ሲመረመሩ ትርጉሙ ይገለጣልና ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ እንደገና ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ደም መስጠት አያስፈልግም።